«ማን ይዞታል?» ትል የነበረችው ሐያት

የሐያትን ሞት የነገረችኝ መዲና ናት፤ ከአዲስ አበባ ደውላ። ስልኩን ሳነሣ መጀመሪያ የሰማሁት ልቅሶ ነው። «ምን ሆንሽብኝ? ታመምሽ? መኪና ገጨሽ?» እያልሁ ስጮህ «እማ... ሐያት እኮ ሞተች» አለችኝ። ኢና ሊላሂ አልሁ። ከዚያ ቀጥሎ በልቤ ያለፈው ግን ዱዓ አልነበረም። «ለኔስ እንዲህ ታለቅስልኝ ይሆን?» የሚል ነው። በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ቅናቱም የዚያን ዕለት አልጀመረኝም፤ ሐያት በሕይወት ሳለች የገባብኝ ነው፤ ሞቷም አላወጣልኝም።

መዲና የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ሰዓዳ፣ ልጂቱ ገና ድክ ድክ ስትል ጅዳ ሄደች፤ እዚያው ጎጆ ወጥታ ቀረች። በየዒዱ ትደውላለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም። መዲና እማ የምትለው እኔን ነው። እኔ ደግሞ እግሬ አንድ ቦታ የማይረጋልኝ ሴት ነኝ። አንድ ሰሞን አጅባር ገበያ ቅመም እሸጣለሁ፣ አንድ ሰሞን ወደ መቅደላ ሥር ዘመድ ጥየቃ እወርዳለሁ፣ አንድ ሰሞን ወደ ሼኾች ቦታ ዝየራ ነው። ያን ሁሉ አገር የዞርሁት መዲናን በጀርባዬ አዝዬ ነው። እሷ ወርዳ በእግሯ ስትሄድ እንኳ ጀርባዬ ይበርደኝ ነበር። እንደዚያ ያሳደጓትን ልጅ ከሰው ጋር ተካፈይ ሲሉኝ ምን ልበል?

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የገበሬውን ማሳ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ እየለየ ድንበሩን የሚመዘግብ አንድ መሥሪያ ቤት መካነ ሰላም ተከፈተ። መዲና አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ኮምፒውተርም ተምራ ስለነበር ተቀጠረች። ሥራዋ ፎቶው ላይ ድንበር መሳል ነው፤ እዚህ ላይ የእገሌ ያልቃል፣ እዚህ ላይ የእገሊት ይጀምራል እያለች። እኔም «ሰው ሲበዛ ሻይ ይፈለጋል» ብዬ አስፈቅጄ ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሻይ ማፍላት ያዝሁ። ሻዩ ሰበብ ነው። ልጄን በመስኮት እያየሁ መዋል ነበር የፈለግሁት።

ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩ። አንዱ ላይ መዲና፣ ሁለቱ ላይ ሁለት ወንዶች። ፎቶውም ሆነ የተሳለው ድንበር የሚቀመጠው በየኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በቆመ አንድ የብረት ሣጥን ነው፤ ከሣጥኑ ወደ ሦስቱም ኬብል ተዘርግቷል። ፍላሽ ይዞ ከወንበር ወንበር መሯሯጥ ይቀራል ተብሎ ነበር። የዘረጋው ሰው ግን ኬብሉን ሰክቶ ብቻ ሄደ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሣጥኑ የኔ ብቻ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ሌላ ሰው እንዳለበት አያውቅም።

አንድ ጎተራ ያላቸው፣ ግን አንዷ የሌላዋን መኖር የማታውቅ ሦስት ጣውንቶች አስቡልኝ። አንደኛዋ ባዶ ነው ባለችው በኩል ጤፍ ትገለብጣለች፤ ሁለተኛዋ እዚያው ላይ ባቄላ ትደፋለች፤ ሦስተኛዋ «ይሄን ማን አቆሸሸው?» ብላ ትጠርጋለች። እንደዚያው ሆነ። የአንድ ቀበሌ ድንበር እንዳለ ተደበላልቆ፣ የአንዱ ማሳ የሌላው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ያንን ለማስተካከል ነው ሐያት የተላከችው።

ባለሙያ ይመጣል ሲባል ሁሉም ወንድ ጠብቋል። ኃላፊው አቶ ደምሰው፣ ሰው ማስታረቅ የሚወድ ገራም ሰው ነው፣ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተቀበላት። ከአውቶቡሱ የወረደችው ቀጭን፣ ረዥም፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጥፍንግ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት።

«ባለሙያው በሚቀጥለው መኪና ነው የሚመጣው?» አላት።

«ኧረ ይሄኛው መኪና ነው ያመጣኝ» አለችው።

ይሄን እሱ ራሱ ነው እየሳቀ ያወራልን። አዲስ አበባ ብትማርም አገሯ ወረኢሉ ነው፤ አፏም ያንኑ ነው፣ «አብሽር»፣ «ወላሂ» ከምላሷ አይጠፋም።

የመጀመሪያውን ዕለት ሻይ ሳቀርብላት ብርጭቆውን አላነሣችም። ቀኝ መዳፏን ከበላዩ ዘረጋችና «ይቺን ማን ይዟታል?» አለች።

«ጀባ ብዬሽ እኮ ነው» አልኋት።

«መርሐባ! እንግዲያው የኔ ናት» ብላ አነሣችው።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በሩን ስትከፍት፣ ወንበር ስትስብ፣ የሰው እስክሪብቶ ስታነሣ፣ መዳፏ መጀመሪያ አየር ላይ ይቆማል፤ «ማን ይዞታል?» ትላለች። የኔ ነው የሚል ካለ እጇን ትሰበስባለች። የለም ከተባለ ደግሞ «ይዤዋለሁ» ትላለች፤ ስትጨርስም «ለቅቄያለሁ»። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ እንኳ ስትለው ሰምቻታለሁ። እኔ እንኳ መጀመሪያ የጠና ነገር ያለባት መስሎኝ በልቤ አዘንሁላት።

ሳምንት ሳይሞላ መዲና ቤታችን ውስጥ ሳሙናው ላይ መዳፏን ዘርግታ «እማ፣ ማን ይዞታል?» አለችኝ።

«ሁለት ሰው በሚኖርበት ቤት ሳሙና ማን ይይዘዋል? ሸይጧን ነው የያዘው!»

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያማ ሻሿን ወደ ኋላ ማሰር መጣ። እኔ ከሕፃንነቷ ያስለመድኋት ወደ ጎን ነው። ስኳር በቁራሽ የምትልሰው ልጅ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች፤ «ሐያት እንዲህ ነው የምትጠጣው»። ከቢሮ ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ሐያት አለች» ነው፤ እራት ላይ «ሐያት አለች» ነው። አንድ ቀን «እኔስ? እኔ ዛሬ ምን እንዳልሁ አትጠይቂኝም?» አልኋት። «ምን አልሽ እማ?» አለችኝ በቅንነት። ያልሁት ነገር አልነበረም። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

አንድ ከሰዓት ሐያት ከቆርቆሮው ሥር መጥታ ተቀመጠችና፣ «እማ ትርንጎ፣ ባለቤትዎ ምን ይሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሙሄ የውሃ አባት ነበር፤ አላህ ይማረው።»

አንድ ምንጭ ለብዙ ማሳ ሲሆን ተራ የሚያሲዘው ሰው ነው። እሱ ሳይፈቅድ ቦዩን የሚከፍት የለም። ገበሬው ይጠይቃል፣ ሙሄ «ያንተ ነው» ይላል፤ አጠጥቶ ሲያበቃ «ለቅቄያለሁ» ብሎ ይጮሃል፤ ያኔ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ይሄን ሁሉ ነገርኋት። እሷ ደግሞ ጥያቄ አያልቅባትም።

«ተራ የያዘው ሰውዬ ሲጠሩት ዝም ቢልስ?»

«ደግሞ ይጠራዋል።»

«አሁንም ዝም ቢልስ? ለሌላው ይሰጡበታል?»

«መጀመሪያ ወርዶ ዶማውን ይወስድበታል።»

«ዶማውን? ዝም ካለ የለም ማለት አይደል እንዴ?»

«ምን በወጣው! ዛፍ ሥር ተኝቶ ይሆናል። ነፋሱ ድምፁን ወስዶትም ይሆናል። የለም ብለሽ ለሌላው ስትሰጪ እሱ ይነቃና ተራዬ ነው ብሎ ያንኑ ቦይ ይከፍታል። ሁለት ሰው ባንዴ የከፈተው ውሃ እርከኑን ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ዶማ የሌለው ሰው ግን ቢነቃስ በጥፍሩ ይቆፍር?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠችው። «አጃኢብ ነው!» አለችና ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ገባች።

ያን ቀን ማታ መዲና እየሮጠች መጣች። «እማ፣ ሐያት ዛሬ ምን የመሰለ ነገር እንዳስረዳችን ብታዪ! የውሃ አባት በይው...»

ያወራችልኝ ይሄን ነው። ሐያት ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሌላ ቀጭን ኬብል ዘርግታለች። ክላስተር ይሉታል። ከእንግዲህ አንዱ ሣጥኑ ውስጥ የአንዱን ማሳ ድንበር ከመንካቱ በፊት ሌሎቹን ሁለቱን ይጠይቃል፤ «ማን ይዞታል?» ይላል። ማንም ካልያዘው ይይዛል፣ ይጽፋል፣ ይለቃል። የሚጽፈውንም አስቀድሞ ሣጥኑ ዳር ላይ ጽፎ ያስታውቃል፤ መሀል ላይ ቢሞት የቀሩት ጅምሩን አንሥተው እንዲጨርሱለት። ይዞ ዝም ያለ ካለ ደግሞ ሁለቱ ከመብራት ይቆርጡታል፤ የመብራቱ ማጥፊያ በነሱ እጅ ነው። ሳይቆርጡት የያዘውን አይነኩም።

«መብራቱ ዶማው ነው፣ ገባሽ እማ? ዶማውን ሳትወስጂ...»

«ያንን የነገርኋት እኮ እኔ ነኝ! አያትሽን ነው የምታወሪልኝ!»

«አውቃለሁ፣ አባባ ሙሄ የውሃ አባት እንደነበሩማ። ግን አባባ ሙሄን ከኮምፒውተር ጋር ማን አገናኛቸው? ሐያት ናት!»

ስሙ የባሌ፣ ዶማው የባሌ፣ ቦዩ የባሌ፤ ማገናኘቱ ግን የሐያት። በማግሥቱ ሻይዋን ሳቀርብ «የሰው ባል ከነዶማው ወስደሽ ታስተምሪበታለሽ አሉ» አልኋት። ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «ሳልጠይቅ ነካሁ። አውፍ ይበሉኝ» ብላ ጉልበቴን ሳመችው። ጉልበቴን ስትስም ደግሞ መዲና በመስኮት እያየቻት ነው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ለኔ አይደለም፤ ለሐያት ትሕትና።

ሥራው ጥቂት ጊዜ ሰላም ሰነበተ። ቀጭኑ ኬብል ግን አልፎ አልፎ ይላላል፤ ያኔ አንደኛው ወጣት እየሠራ፣ ገበሬው ፊት ለፊቱ ቆሞ እያየ፣ መብራቱ ይቆረጥበትና ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ልጁ ዓይነ አፋር ነው፤ ገበሬው «ይሄ ልጅ አይችልም» ብሎ ያየኛል እያለ ይሸማቀቃል። አቶ ደምሰው አዘነለት።

«ሐያት፣ እንዲያው ዝም ባለ ላይ መብራት መቁረጥ ደግ ነው?» አላት። «እዚህ አገር ዝም ላለ ሰው ሽማግሌ ነው የሚላክበት።»

«ሽማግሌው ደርሶ እስኪመለስ ሁለቱ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁ ካሉኝ እሺ» አለችው። «እየጻፉ መጠበቅ ግን አይሆንም።»

ግቢው ሙሉ ሰው ቆሞ ማን ይጠብቃል? ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ሐያት ለሌላ ሥራ አጅባር ወርዳ የሰነበተች ጊዜ ግን አቶ ደምሰው አንጀቱ አልችል አለው። የልጁን ኮምፒውተር ከማጥፊያው ነቅሎ ግድግዳው ላይ ሰካለት። «ከእንግዲህ ሰው ፊት አይጨልምብህም» አለው። ልጁም መረቀው። እኔም በበኩሌ ደግ ሰው አልሁ፤ ሻይም በነጻ ሰጠሁት።

አንድ ቀን ገበሬዎች ከፎቶው ፊት ሲጋፉ ጠረጴዛው ተገፋና የልጁ ቀጭን ኬብል ሾለከች። ማንም አላየም። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሦስተኛውን ቢጠሩት ዝም። ቁረጠው አሉ፤ ማጥፊያውም ቆርጫለሁ አላቸው። የቆረጠው ግን ማንም ያልተሰካበትን ባዶ ቀዳዳ ነው። እነሱ ሞቷል ብለው የያዘውን አነሡና ጻፉበት፤ እሱ ከግድግዳው እየበላ ጤነኛ ነው፣ እነሱ ጠፉ ብሎ እሱም ጻፈ። ደግሞ ሐያት ያስቀመጠችው ሌላ ሕግ ነበር፦ ከሦስቱ ሁለቱ የሚተያዩ ከሆነ ይሠራሉ፤ ብቻውን የቀረ እጁን ይሰብስብ። ልጁ ግን ኮምፒውተሩ እምቢ ሲለው፣ ይሄን ሕግ የሚጠብቀውን ፕሮግራም እንዴት ዝም እንደሚያሰኙት ከሐያት አይቶ ስለነበር፣ ዝም አሰኝቶት ቀጠለ። ሰው ፊት ላለማፈር።

ሐያት ከአጅባር ስትመለስ ሁለት ጎረቤታሞች ግቢው መሀል ዱላቸውን ጨብጠው ተፋጠዋል። አንዲት የመስኖ ማሳ በሁለቱም ስም ወጥታለች። «አባቴ የቆፈረው ነው!» ይላል አንዱ፤ «አባትህ የቆፈረው ጉድጓድ የተቀበረበትን ነው!» ይላል ሌላው። አቶ ደምሰው መሀላቸው ገብቶ ላብ አጥምቆታል።

አልጮኸችም። ቦርሳዋን አስቀምጣ ከልጁ ኮምፒውተር ጀምራ ሽቦውን በጣቷ እየተከተለች ግድግዳው ጋ ደረሰች። እዚያ ቆመች።

«የዚህን ዶማ ማን መለሰለት?»

«እኔ ነኝ» አለ ተከትሏት የገባው አቶ ደምሰው። «ልጁ ሰው ፊት ሲሸማቀቅ አሳዘነኝ።»

«ርኅራኄዎ ለሰው ይሁን፣ አቶ ደምሰው። ኮምፒውተር አያፍርም። የሚያፍሩት እኚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከእንግዲህ ወዲያ በየለቅሶው ሲገናኙ።»

ከዚያ ወደ ሁለቱ ገበሬዎች ወጣች። ስሕተቱ የኛ ነው አለቻቸው፤ ማሳችሁ ባለፈው እንደተለካው ነው፣ ቅጂው አለኝ፣ ዓይናችሁ እያየ እመልሰዋለሁ። የዚያ ቀን ሥራ ሁሉ ተሠርዞ ከፎቶው ጀምሮ እንደገና ተሳለ። ዱላውም ወረደ። ሲያበቃ ሁሉም ባሉበት እጇን ወደ ቆርቆሮው ዘርግታ «ይሄን ዘዴ ያገኘሁት ከእማ ትርንጎ ባለቤት ነው። የውሃ አባት ነበሩ፤ ዶማ ሳይወስዱ ተራ አይሰጡም ነበር» አለች። ገበሬዎቹ «አያ ሙሄ! እውነት ነው!» ብለው ወደኔ ዞሩ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ያልዞረችው መዲና ብቻ ናት፤ እሷ ሐያትን ነው የምታይ። እንግዲህ ምስጋናውም ደረሰኝ፣ ደስታው ግን አልደረሰኝም። ቀናተኛ ሰው ሞልቶ አይሞላለትም።

ሐያት ሥራዋን ጨርሳ ልትሄድ ባለች ሰሞን ነው ቁርጡ የመጣው። መዲናን አዲስ አበባ ወስጄ ይሄንኑ ሙያ ላስተምራት፣ እኔ ቤት ትቀመጥ ብላለች። ለኔ ያልነገሩኝ ፈርተውኝ ነው። የሰማሁት ከአቶ ደምሰው ነው፤ «እማ ትርንጎ፣ እንኳን ደስ አለዎ» ሲለኝ።

ደስ? አንዷን ልጅ ለጅዳ ሰጥቼ ድምፅ ብቻ ነው የቀረኝ። ሁለተኛዋን ደግሞ ለአዲስ አበባ ልስጥ? ሁለቱ ተስማምተዋል፤ እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ብቻውን የቀረ እጁን ይሰብስብ ያለችው ለካ ለኔ ነው አልሁ። ተናድጄ ዝም አልሁ። ለመዲናም ዝም፣ ለሐያትም ዝም። ሻይ አቀርባለሁ፣ አልናገርም። የወሎ ሰው ኩርፊያ ታውቁታላችሁ፤ ሰላምታ ይመለሳል፣ ሰውዬው ግን ከሰላምታው ውስጥ የለም።

ሐያት ሁለት ቀን ቻለች። ከዚያ ከቆርቆሮው ሥር መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

«እማ ትርንጎ፣ ዝም ብለውኛል።»

ዝም።

«ዝም ስላሉ ለቀዋል ብዬ ልጅቱን ይዤ አልሄድም። መዲና ዐዋቂ ናት፣ ልምጣ ብላኛለች። ግን እርስዎ አሳድገዋታል። በአፍዎ ይንገሩኝ። ይዘዋታል ወይስ ለቀዋታል?»

በልቤ ብዙ ነገር ነበር። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው። «ይዣታለሁ።»

«እሺ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። አልለመነችኝም፣ አልተቆጣችኝም። በማግሥቱ ማለዳ በደሴው መኪና ብቻዋን ሄደች።

አሸነፍሁ ብዬ ዋልሁ። ማታ መዲና እራት አቀረበችልኝ፣ እግሬን አጠበችኝ፣ ፊቷ ላይ ክፉ ነገር የለም። በማግሥቱም እንደዚሁ። ብታለቅስም ተደብቃ ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን አልቻልሁም፤ «ምነው ዝም አልሽኝ? አልተቆጣሽኝም?» አልኋት።

«አይ እማ። ሐያት ስትሄድ ‹እስክትለቅሽ ድረስ ጠብቂ፤ እንዳታስቀይሚያት፣ እንዳትነዘንዣት› ብላኛለች።»

ይሄው ነው የገደለኝ። ለካ ልጄ ከኔ ጋር የቀረችው ለሐያት ታዝዛ ነው። እግሬን የምታጥበው ለሐያት ታዝዛ ነው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ፣ የምኖረው በሐያት ፈቃድ ነው። ክረምቱን እንደዚያ ገፋነው። ሻሿን ወደ ጎን አሰረችልኝ፤ ለኔ ብላ። አላማረባትም፤ እኔው ፈትቼ ወደ ኋላ መለስሁላት።

መስከረም ላይ ስልክ ደወልሁ። ሐያት «እማ ትርንጎ! ደህና ነዎት?» ስትል ሰላምታዋን አላስጨረስኋትም።

«ስሚ! አንቺ ስለፈቀድሽ እኔ ዘንድ የምትቀመጥ ልጅ አልፈልግም። እኔ ነኝ የምልካት። ለቅቄያታለሁ። ሰማሽ? እኔ ነኝ የለቀቅኋት!»

«ሰምቻለሁ» አለች። ከዚያ «ጀባ አሉኝ?» አለች።

«ጀባ።»

«መርሐባ።»

መናኸሪያ ራሴ ወስጄ አሳፈርኋት። እንዲህ ሆኖ ነው መዲና የሄደችው፤ ሰው ሁሉ ደግነቴን ያወራል፣ እኔ ግን በቅናት ነው የለቀቅኋት። ዓመታት አለፉ። መዲና ዛሬ የትላልቅ መሥሪያ ቤቶችን ሣጥን የምትጠብቅ ሆናለች። በየጁምዓው ትደውላለች፤ ስልኩን ሳነሣ ሁልጊዜ ከኋላዋ የሐያት ድምፅ «ሰላም በያቸው» ሲል እሰማለሁ። ያች ድምፅ እንኳ ከልጄ ጋር ያለኝን ወሬ የምትቆርስብኝ ይመስለኝ ነበር።

ሐያት ሕመሙ ሲጠናባት እናቷ ዘንድ ወረኢሉ ገብታ ኖሯል፤ እዚያው አረፈች። እኔም መዲና የደወለችልኝ ዕለት ጓዜን ቋጥሬ፣ ከደሴው መኪና መንገድ ላይ ወርጄ፣ የወረኢሉን ይዤ በማግሥቱ ደረስሁ። ለቅሶ ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ዓይኔ የሚፈልገው መዲናን ነው። አገኘኋት፤ ከአዲስ አበባ ቀድማኝ ደርሳለች። ከእንግዳው መሀል አይደለችም፤ ከቤተሰቡ ጋር፣ ከሟች እናት ጎን ነው የተቀመጠችው። አሮጊቷ ጭንቅላቷን መዲና ትከሻ ላይ ጥላዋለች። የኔ ልጅ ትከሻ ላይ።

አልቅሼ ተቀመጥሁ። መዲና ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ «እማ ናት፤ የመካነ ሰላሟ» አለቻት።

ወይዘሮ ፋጡማ ቀና ብላ አየችኝ። ቆይታ፣ ቆይታ አየችኝ።

«ትርንጎ ማለት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፤ አላህ ያጽናሽ እህቴ።»

«ልጄ ከእርስዎ አገር ከመጣች በኋላ የኔ ሻይ አልጣማትም» አለችኝ። «እዚህ እናቷ ቤት ተቀምጣ ‹እማ ትርንጎ ኮረሪማውን ሳይፈጩ ሰንጥቀው ነው የሚጨምሩት› ትለኛለች። ብሰነጥቀው ‹እንደሳቸው አልሆነም› ትለኛለች። ታማ እንኳ ውሃ ሳቀርብላት ‹ለእማ ትርንጎ ደወላችሁ?› ትላለች። ወላሂ ሳላውቅዎ ጠምጄዎት ነበር።»

ሴቶቹ ዞረው አዩን። ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልማ። እኔ ግን ስንት ዓመት በሆዴ የያዝሁትን አወጣሁት።

«እኔም ልጅሽን ጠምጃት ነበር» አልኋት።

«ሰምቻለሁ፤ ነግራኛለች» አለች። «ትስቅ ነበር።» ይሄን ስትል እሷም የሳቀች መሰለኝ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት። መዲና ደግፋ ያዘቻት።

ለመነሣት ስሰናዳ አሮጊቷ ክንዴን ያዘችኝ። «መዲና ትሰንብትልኝ» አለችኝ። «ሰደቃው እስኪወጣ። የልጄን ነገር የምታወራኝ እሷ ናት። ቤቱ ባዶ ሆነብኝ።»

መዲና አየችኝ። አፌን ነው የምትጠብቀው። ልጇን የቀበረች እናት ስትለምን እምቢ አይባልም። ግን ደግሞ ልጄን እዚያ ትከሻ ሥር ትቼ፣ ብቻዬን መኪና ተሳፍሬ ልመለስ? ከሐያት ተርፌ ለእናቷ ልስጣት?

«ትሰንብት» አልሁ። ወዲያው ጫማዬን አወለቅሁ፤ ጓዜን ጥግ አስያዝሁና በመዲና በሌላኛው ጎን ተጠግቼ ተቀመጥሁ።

«እኔም እሰነብታለሁ።»